የመስመር ሠራተኛ በኤጀንሲ ይቀጠር ወይስ ይከልከል? (ክርክር)

አወያይ፦ የሳምንቱ ጥያቄ ይኸው። በፊት በኤጀንሲ የሚመጣው ጥበቃ፣ ጽዳትና ጫኝ ነበር። አሁን ማሸጊያ ክፍልም፣ ውኃ ፋብሪካም፣ ስፌት መስመርም ገብቷል። ሥራውን የሚያዘው ፋብሪካው ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ኤጀንሲው። ፋብሪካ ዋና የማምረት ሥራውን በኤጀንሲ ሠራተኛ እንዳያሠራ በሕግ ይከልከል? የድርጅት ስም አይጠራ። ሕግ የሚጠቅስ አንቀጹን ይጻፍ።

ማኅበርተኛ፦ ይከልከል ባይ ነኝ። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ኮሌታ ይሰፋሉ። የአንዷ ባጅ የፋብሪካው፣ የሌላዋ የኤጀንሲው ነው። በኅብረት ስምምነት የተገኘ ጭማሪ፣ ሰርቪስ፣ የበዓል ቦነስ ለአንዷ ይደርሳል፤ ሌላዋ “አሠሪሽ እኛ አይደለንም” ትባላለች። ሕጉ 10 ሠራተኛ ካለ የሠራተኛ ማኅበር ይቋቋማል ይላል። የኤጀንሲ ሠራተኞች ግን አሥር ፋብሪካ ላይ ተበትነው ስለሚሠሩ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ማኅበሩም በየዓመቱ አባል እየሳሳበት፣ ድርድር ላይ ሲቀመጥ መስመሩን ግማሹን እንኳ አይወክልም። ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ስንት ጊዜ የጮኸበት ጉዳይ ነው።

ችሎት፦ ሁለት ነገር እየተቀላቀለ ነው። አንደኛው ፋብሪካው ራሱ በጊዜያዊ ውል የሚቀጥረው ሠራተኛ ነው፤ ሁለተኛው በኤጀንሲ የሚመጣው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ለመጀመሪያው ሕግ አለ፣ የጠፋው የሚያስፈጽመው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ከዚህ ውጭ የሚሆኑት አንቀጽ 10 ላይ ተዘርዝረዋል፦ በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረን መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ብዛት፣ አስቸኳይ ሥራ፣ ወቅታዊ ሥራ፣ የመሳሰለው። በድንገት በተለቀቀ መደብ ላይ ለጊዜው ሰው ማስቀመጥ ከ45 ተከታታይ ቀን አያልፍም፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ዓመቱን ሙሉ የሚዞር መስመር ላይ የ3 ወር ውል እያሳደሱ ማሠራት ሥራውን ጊዜያዊ አያደርገውም። የሚታየው የሥራው ባሕርይ ነው። አሠሪዎች የሚወዱት የአንቀጽ 24ን መንገድ ነው፤ የተወሰነው ጊዜ ሲያልቅ ውሉ በሕግ ያበቃል፣ ማስጠንቀቂያም የለ፣ የስንብት ክፍያም የለ።

ሁለተኛው ይከብዳል። አዋጁ ራሱ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም፣ ሠራተኛን በራሱ ሥር ቀጥሮ ለአገልግሎት ተጠቃሚ ማሰማራትን ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል። ትርጉሙ ዋና ሥራና ረዳት ሥራ ብሎ አልለየም። እዚያው ላይ ግን ኤጀንሲው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል የለበትም። ሙግቱ ያለው “በተዘዋዋሪ” ላይ ነው፤ ፋብሪካው በሚከፍለውና ሠራተኛዋ በምትቀበለው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ፔሮል፦ እሱን ልዩነት በሒሳብ እንየው። ቁጥሩ ምሳሌ ነው፣ ስሌቱ ግን ይኸው ነው። ፋብሪካው በአንድ ሰው በወር 6,000 ብር ይከፍላል እንበል፣ ቫት ሳይጨምር። ሠራተኛዋ የምትፈርመው 4,000 ነው። ከ2,000ው ልዩነት ግዴታ የሆነው የአሠሪ ጡረታ 11 በመቶ፣ 440 ብር። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ዓመቱን በ312 የሥራ ቀን ብትወስዱት በወር 205 ብር ገደማ ይመጣል። የሚቀረው 1,355። ከዚህ ላይ የጉዳት መድን፣ የቢሮ ኪራይ፣ የተቆጣጣሪ ደመወዝ ይወጣል፤ የተረፈው ትርፍ ነው። ሠራተኛዋ በበኩሏ 7 በመቶ ጡረታ፣ 280 ብር ትቆረጣለች፣ ግብሩም አለ። የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለው (አንቀጽ 55 ላይ የደመወዝ ቦርድ ተጽፏል፣ ተጽፎ ቀረ) ከ4,000 ይልቅ በ3,000 መቅጠርም አያስጠይቅም።

ሁሉም ኮሚሽኑን ያያል፤ ዋናው የሚፈሰው ግን ትርፍ ሰዓት ላይ ነው። የጣት አሻራ ማሽኑ ያለው ፋብሪካው በር ላይ ነው፣ የደመወዝ ስሌቱ (ፔሮሉ) የሚሠራው ኤጀንሲው ቢሮ። በወሩ መጨረሻ የሚላከው ኤክሴል ብዙውን ጊዜ የቀን ብዛት ብቻ ነው፤ መግቢያና መውጫ ሰዓት የለበትም። ኤጀንሲው 26 ቀን ብሎ ይመታዋል። በሳምንት 48 ሰዓት በወር 208 ነው። 4,000 ለ208 ሲካፈል 19.23፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 28.85 ብር ይሆናል። ከምሽቱ 4 በኋላ 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። ፋብሪካው ግን ለኤጀንሲው የሚያስበው ከ6,000 ተነስቶ ነው፣ በሰዓት 43.27። ይኼ ተከፍሎ እያለ ሠራተኛዋ ጋ 28.85 እንኳ የማይደርሰው በዚያች ኤክሴል ምክንያት ነው።

ኤጀንሲ ቤት፦ ፔሮል፣ ሒሳብህ ሁለት ነገር ዘሏል። ፋብሪካው ደረሰኝ የሚከፍለው በ45 ወይም በ60 ቀን ነው፤ ደመወዝ ግን ወር አያሳልፍም። ለ300 ሰው በ4,000 ሒሳብ በወር 1.2 ሚሊዮን ብር ከኪስ ይወጣል፤ ሁለት ወር ሲዘገይ 2.4 ሚሊዮን፣ ጡረታው ሳይቆጠር። ባንክ ደግሞ ቤት አስይዝ ይላል። ሌላው፣ ጨረታውን የሚያሸንፈው ማን ነው? ፋብሪካው የዋጋ ዝርዝር አይጠይቅም፣ ጠቅላላውን አይቶ ያነሰውን ይመርጣል። በ5,200 የገባ ያሸንፋል። 4,000 ደመወዝ፣ 440 ጡረታ፣ 205 ፈቃድ ሲወጣ 555 ብር ይቀራል። በ555 መድን ገዝቶ፣ ቢሮ ከፍቶ፣ የለቀቀ ተክቶ ማን ያተርፋል? የሚቆረጠው ከየት እንደሆነ ፋብሪካው እያወቀ ነው የሚፈርመው። ስለዚህ ሁሉንም ጥፋት ኤጀንሲ ላይ አትጫኑ።

ማኅበርተኛ፦ ማለትም ፈቃዱ እንዳይወጣ፣ ጡረታው እንዳይገባ ተደርጎ ነው ጨረታው የሚያልፈው። ይኼን ካመንክ እኮ ከእኔ ጋር ነህ።

ቦቢን፦ ነገሩን ከመስመሩ ወገን ልየው። ካፍ (የሸሚዝ እጅጌ ጫፍ) ማያያዝ ደረጃ ሰዓቱ፣ ማለትም ለአንዱ የተመደበለት ጊዜ፣ 1.2 ደቂቃ ነው እንበል። በ100 በመቶ ብቃት በሰዓት 50 ይወጣል። የለመደች በ60 በመቶ 30 ታወጣለች፤ ትናንት በኤጀንሲ የመጣች በ30 በመቶ 15። መስመሩ 40 ሰው ነው፣ ካፍ ላይ ያለችው አንዷ ብቻ ናት። 39ኙ ቢበሩም መስመሩ በሰዓት 15 ሸሚዝ ነው የሚሰጣችሁ፣ በ8 ሰዓት 240 መሆን የነበረበት 120። ከእሷ በፊት ጥቅሉ ይከመራል፤ ከእሷ በኋላ ያሉት ይጠብቃሉ። ሱፐርቫይዘሩ ከእጅጌ የቻለች አንስቶ ካፍ ላይ ሲያስቀምጥ ክፍተቱ እጅጌ ላይ ይከፈታል።

ጥራቱም አለ። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው በሙሉ ተሰብስቦ፣ ተገጣጥሞ መዝገብ ላይ ይለጠፋል፣ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ቁራጭ ከጠፋች ጥቅሉ ተነስቶ በብረት መፈተሻ ያልፋል። ሰኞ መጥታ ሰኞ ማሽን ላይ የተቀመጠች ይኼን ማን ነገራት? ደንግጣ ቁራጩን ወደ ወለል ትጠርገዋለች። ቁራጩ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ገዢው ጋ ከተገኘ የሚመለሰው ኮንቴይነሩ ነው።

ክር ቆረጣ፣ መለያ መለጠፍ፣ ካርቶን ማሸግ ላይ ሰው በሁለት ቀን መተካት ይቻላል። ኮሌታ፣ ካፍ፣ እጅጌ ላይ አይቻልም። ዋናና ረዳት ብላችሁ በሕግ ከምትከፍሉት ለመልመድ ስንት ሳምንት ይፈጃል ብላችሁ ብትከፍሉት ይሻላል። ፋብሪካው እዚያ ቦታ ላይ የኤጀንሲ ሰው ሲያስቀምጥ ራሱን ነው የሚጎዳው፤ ደመወዝ ላይ ያተረፈው በውጤት ይበላል። ሒሳቡ የማይታየው ደመወዙ በሰው ኃይል በጀት፣ የጠፋው ሸሚዝ በምርት ሪፖርት ስለሚጻፍ ነው።

ዱከም፦ ጥሩ ብላችኋል፤ ፋብሪካው ለምን እንደሚሄድበት ግን ማንም አልጠየቀም። ትዕዛዝ ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ስትወጣ የአሜሪካ ገዢ ይዞ የነበረ ሁሉ ወይ ገበያ ቀይሯል ወይ መስመር አጥፏል። ዛሬ ትዕዛዝ ይመጣል፣ 80 ሰው ጨምር ትባላለህ፤ ከሦስት ወር በኋላ ጨርቁ ጅቡቲ ይቆማል። በአንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ ልታደርግ ብትል ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶ የሚለው መስፈርት አለ፣ ከማኅበር ጋር ምክክር አለ፣ ማስጠንቀቂያና ስንብት አለ። ኤጀንሲ ጋ አንድ ደብዳቤ ይበቃል። ቢከለከል 80ው ሰው ቋሚ አይሆንም፣ አይቀጠርም እንጂ።

ችሎት፦ ዱከም፣ ለሦስት ወር ትዕዛዝ ኤጀንሲ አያስፈልግህም። ያልተለመደ የሥራ ብዛት አንቀጽ 10 ውስጥ ተፈቅዷል፤ ትዕዛዙን በውሉ ላይ ጠቅሰህ ራስህ ቅጠር። የምትሸሸው ትዕዛዙ ሲያልቅ ሳይሆን ትዕዛዙ ሳያልቅ ሲቀጥል የሚመጣውን ቋሚነት ነው።

ይከልከል የሚለው ግን እኔንም አላሳመነኝም። ናሚቢያ በ2007 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣ ሕግ ሙሉ በሙሉ ከለከለችው፤ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሥራና ንግድ የማካሄድ ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ሕንድ ከ1970 ጀምሮ መንግሥት በተወሰነ ሥራ ላይ የኮንትራት ሠራተኛን በማስታወቂያ እንዲከለክል የሚያስችል ሕግ ነበራት። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላው ሠራተኛውን በራሱ የፋብሪካው ቋሚ አያደርገውም ብሎ ወሰነ። ኮንትራክተሩ ይወጣል፣ ሠራተኛውም አብሮት። በዚያች አገር በተመዘገቡ ፋብሪካዎች የኮንትራት ሠራተኛ በ2000 አካባቢ ከአምስት አንድ ያህል ነበር፣ አሁን ከአምስት ሁለት አልፏል። ያ ሁሉ ሕግ እያለ ማለት ነው።

የሚሻለው የደቡብ አፍሪካ ይመስለኛል። ከ2015 ጀምሮ ደመወዙ ከተወሰነ ጣሪያ በታች የሆነ የኤጀንሲ ሠራተኛ 3 ወር ካለፈው በዚያ ሕግ ዓይን የተጠቃሚው ድርጅት ሠራተኛ ይሆናል፤ ከድርጅቱ ሠራተኞች ባነሰ ሁኔታም አይያዝም። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ በ2018 ከ3 ወር በኋላ አሠሪው ተጠቃሚው ብቻ ነው ብሎ አጸናው።

ማኅበርተኛ፦ እዚህ ይምጣና በ89ኛው ቀን ሁሉም ይባረራሉ። በ91ኛው በሌላ ኤጀንሲ ስም እዚያው ማሽን ላይ ይቀመጣሉ። 3 ወር ሳይቆጠር፣ ከመጀመሪያው ቀን ለተመሳሳይ ሥራ እኩል ክፍያ ካልሆነ ትርጉም የለውም። እኩል ከተከፈለ ፋብሪካው ኤጀንሲ የሚፈልግበት ምክንያት ግማሹ ይጠፋል።

ደግሞ ጉዳትን ዘላችሁታል። መቁረጫ ክፍል ውስጥ የማሽን መከለያ ተነስቶ አንድ የኤጀንሲ ልጅ እጁ ቢቆረጥ ማን ይከፍላል?

ችሎት፦ የሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊነት ጥፋት ሳይቆጠር የአሠሪው ነው። አሠሪው ደግሞ በወረቀት ኤጀንሲው። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ ካሳው የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ነው፤ በ4,000 ብር 240,000። መድን ያልገባ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ኤጀንሲ ይኼን ከየት ያመጣል? መከለያውን ያነሳው የፋብሪካው ቴክኒሻን ነው፣ ኤጀንሲው በበሩ እንኳ አልገባም። እዚህ ላይ የጋራ ኃላፊነት በግልጽ ሊጻፍ ይገባል፤ ክልከላ ከምትሉ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ጊዜውም አጭር ነው። በአንቀጽ 163 ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በ6 ወር፣ ወደ ሥራ መመለስ በ3 ወር ካልተጠየቀ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል። ሠራተኛዋ ፋብሪካውን ትከሳለች፤ ፋብሪካው “አሠሪዋ አይደለሁም” ብሎ ይቃወማል፤ ኤጀንሲው ጣልቃ ይግባ ሲባል 3ቱ ወር አልቋል። ሁለቱንም በአንድ ክስ፣ በመጀመሪያው ቀን መክሰስ ነው። ማስረጃ ከተባለ ባጁን ሳይሆን የትዕዛዝ ሰጪውን ፊርማ ያዙ፦ የፈቃድ ወረቀት የፈረመው፣ ማስጠንቀቂያ የሰጠው የፋብሪካው ሱፐርቫይዘር ከሆነ ብዙ ይናገራል።

ፔሮል፦ ሕጉ እስኪመጣ ፋብሪካ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ጨረታው ላይ ጠቅላላ ዋጋ አትቀበሉ። ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ፈቃድና መድን በየራሳቸው መስመር ተጽፈው፣ ውድድሩ በአገልግሎት ክፍያው ላይ ብቻ ይሁን። ያኔ 5,200 ይዞ የሚገባ ሰው የት ላይ እንደቆረጠ ፖስታው ሲከፈት ይታያል። የወሩን ደረሰኝ ከመክፈላችሁ በፊት ኤጀንሲው ያለፈውን ወር የባንክ ዝውውር ዝርዝር በስም፣ የጡረታ ገቢ ደረሰኙን በስም ያያይዝ። ጠቅላላ ድምር አይበቃም፤ ለ300 ሰው እየከፈላችሁ 180 ሰው ብቻ የተመዘገበበት ደረሰኝ ድምሩን ብቻ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። የጣት አሻራው ፋይል መግቢያና መውጫ ሰዓቱን እንደያዘ ለኤጀንሲውም ለሠራተኛዋም ይድረስ። ክፍያውንም ከ60 ወደ 15 ቀን አውርዱት፤ ኤጀንሲ ቤት ያነሳው እውነት ነው፣ በሰው ብር እየሠሩ ደመወዝ ዘገየ ማለት አያምርም።

ዱከም፦ ዝርዝር ዋጋውን እቀበላለሁ። የ15 ቀኑን ፋይናንስ ክፍል አይፈርምም። እኩል ክፍያ የሚለው ላይ ግን አንድ ጥያቄ፦ ከማን ጋር እኩል? የ5 ዓመት ሠራተኛ ካፍ ላይ 30 ታወጣለች፣ አዲሷ 15።

ማኅበርተኛ፦ በቋሚነት ዛሬ ከምትቀጥራት አዲስ ጋር።

ቦቢን፦ የደረጃ ሰንጠረዥ ካላችሁ መልሱ እዚያው ነው። በየሥራው ዓይነት ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ በብቃት በመቶኛ መድቡ፤ ባጁ የማንም ይሁን 60 በመቶ የደረሰች የ“ለ” ደረጃን ታግኝ። ሰንጠረዥ የሌለው ፋብሪካ ለቋሚዎቹም ቢሆን በምን እንደሚከፍል አያውቅም።