በ150 ብር የገዛሁት «ሚስክ» እውነት ከአጋዘን ነው?

ጣና ዳር፦
ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ነበር። ዕጣን ከሚሸጡት ጎን የቆመ ልጅ ጣት የምታህል ጠርሙስ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋልኝ። «እህቴ፣ ኦሪጅናል ሚስክ ነው። ከአጋዘን እምብርት የሚወጣ!» በ150 ብር ወሰድኩት። ሽታው ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ቤት ስደርስ ግን እናቴ አሸተተችውና ሳቀች፤ «ይሄማ የታጠበ አንሶላ ነው የሚሸተው»። አጋዘኑን ገድለው ነው የሚያወጡት? እኛ አገርስ አለ? ልቀባው ወይስ ልተወው?

ሽቶ ቤት፦
እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ሽቶ እሸጣለሁ፤ በራሴ ሸቀጥ ላይ ልመስክር። በ150 ብር የአጋዘን ሚስክ የለም።

ሚስክ ያለው የአጋዘን ዓይነት እኛ ጋ አይኖርም። ሂማላያ፣ ቲቤት፣ ሞንጎሊያ፣ ሳይቤሪያ ተራሮች ላይ ነው። ቁመቱ የፍየል ያህል ነው፤ ቀንድ የለውም። ወንዱ ከላይኛው ከንፈሩ ወደ ታች የወጡ ሁለት ረጃጅም ክራንቻዎች አሉት። ሚስኩም የወንዱ ብቻ ነው፤ ከእምብርቱ በታች ባለች ከረጢት ውስጥ 25 ግራም ገደማ ይገኛል። ለእሷ ብለው ይገድሉታል። ወጥመድ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። ሴቷም ግልገሉም ይታነቃሉ። አዳኙ ምንም ስላላገኘባቸው ወጥመዱን መልሶ ይዘረጋል። እንዲህ ነው እየተመናመኑ የመጡት። ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት የኔፓልና የሕንዶቹን ንግድ ከልክሏል፤ አደኑ ግን አልቆመም።

ያንቺው የፋብሪካ ነው። ሰው ሠራሽ ሚስክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1888 ጀምሮ አለ፤ የልብስ ሳሙና ውስጥም ይገባል። እናትሽ አልተሳሳቱም። እኔም ጠርሙሱ ላይ «ሚስክ» ብዬ እጽፋለሁ፣ «ከአጋዘን» ግን ብዬ አላውቅም።

የዘጌ ልጅ፦
የኛ አገር ሚስክ ቢባል የጥርኝ ዝባድ ነው። አያቴ በቀንድ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። ለዓመት በዓል በስንጥር ጫፍ ነካ አድርጋ ከቅቤ ጋር ታሸውና ፀጉሯን ትቀባለች። ሲበዛ ይከረፋል፣ ሲያንስ ግን ልዩ ነው። ጥርኝ ለዝባዱ አይገደልም። ጅማ በኩል ጠባብ የእንጨት ቤት ውስጥ ዘግተው፣ በየ10 ቀኑ ገደማ ከጭራው ሥር በማንኪያ ይፍቁታል። አልሞተም እንጂ ያም ኑሮ አይደለም።

ጣና ዳር፦
እሺ፣ እቀባዋለሁ። ልጁን ግን ቅዳሜ ሳላገኘው አልቀርም። እናቴ ይሄን ሁሉ ካነበብኩላት በኋላ ምን አለች? «ዝባድ የሚሸጥ ካገኘሽ ትንሽ አምጪልኝ።»