ታናሽ ሲመጣ ለትልቁ ልጅ ምን እናንብብለት?

እህቴ፣ በመጀመሪያ ማርያም በሰላም ትገላግልሽ። ጥያቄሽ እኛም ቤት ነበረ። ሁለተኛዋ ልትወለድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት የልጃችንን የድሮ የሕፃን አልጋ ከጓዳ አውጥተን ገጣጠምን። አራት ዓመቱ ነው፣ ማን ይጠይቀው! ማታ ሲያየው «የኔ ነው!» ብሎ ዘሎ ገባና እግሩን በፍርግርጉ አውጥቶ ተኛ።

ያኔ ነው ላይብረሪ የሄድኩት። የሰጡኝ የኤዝራ ጃክ ኪትስን የልጆች መጽሐፍ «ፒተርስ ቼር» (የፒተር ወንበር) ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከእኔ ይበልጣል። ታሪኩ የኛው ቤት ጉድ! የፒተር የሕፃንነት አልጋ ለአዲሷ እህቱ ለሱዚ ሮዝ ተቀብቷል። አባቱ ደግሞ የመብያ ወንበሩን እየቀባ ነው። ልጁ ያልተቀባችውን ትንሿን ወንበሩን ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ ይኮበልላል፤ ኩብለላው ግን ከደጃፍ አያልፍም። ሊቀመጥባት ሲሞክር አልበቃችውም፣ ለካ አድጓል። በኋላ ከአባቱ ጋር ሆኖ ራሱ ይቀባታል። (ሴት ሁሉ ሮዝ የሚለው ነገር ጊዜው ያለፈበት ነው፣ እለፊው።)

የራስል ሆባን መጽሐፍ ላይ ያለችው ፍራንሲስም አለች፣ «ኤ ቤቢ ሲስተር ፎር ፍራንሲስ» (ታናሽ እህት ለፍራንሲስ)፣ የ1964 እ.ኤ.አ.። ሕፃን ስለመጣ የምትፈልገው ቀሚስ አልተተኮሰ፣ ለቁርሷ ዘቢብ አልተገዛ። ስንቋን ቋጥራ ጠፋች። የት? ምግብ ጠረጴዛው ሥር! እናትና አባቷም እንደናፈቀቻቸው እሷ እየሰማች ያወራሉ።

እኔ የወደድኩላቸው፣ «ታናሽህን ውደድ» እያሉ አለመጨቅጨቃቸውን ነው። ልጁ ይቀናል፣ ያኮርፋል፣ ማንም አይቆጣውም። እኔን «ወንድምሽን ከሆስፒታል ገዛንልሽ» ብለውኝ «በሉ መልሱት» ብያለሁ አሉ። ግን ያኔ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች፣ አንዷ አዝላኝ ትወጣ ነበር። እዚህ ሁለታችን ብቻ ነን፣ አንዳችን ደግሞ የሌሊት ፈረቃ።

ሥዕሉን እያሳየሁ በአማርኛ ነው የማወራለት፤ ፒተር ጴጥሮስ ሆኗል። ካነበብንለት በኋላ አልጋውን እንደገና ፈታነውና ካቻቪቴውን ለእሱ ሰጠነው። ብሎኑን ግማሹን ጠማማ አድርጎ አሰረው፣ ሲተኛ አባቱ አስተካከለው። እስካሁን እንግዳ ሲመጣ «እኔ የሠራሁላት አልጋ» እያለ ያሳያል። መቆንጠጡን አልተወም ታዲያ!

ያንቺ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ከሦስት በታች ከሆነ ፍራንሲስ ትረዝምበታለች፣ በወንበሩ ጀምሪ።