ንብ ግቢያችንን ወሮታል፣ ቶሎ መልሱልኝ!

የከዚራዋ፦ እባካችሁ! ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ንብ አበባው ዛፍ ላይ ሰፍሯል። ሽንት ቤቱ ከዛፉ ሥር ነው፤ ማንም መውጣት አልቻለም። ወንድሜ ነጭ ጋዝ ይዞ ቆሟል። ይድፋበት?

ለገሃሬ፦ አቦ ጋዙን አስቀምጡት! ቤቱን ልታቃጥሉት ነው?

የመጋላው ልጅ፦ ማሩ ሲደርስ ጥሩኝ፣ ዳቦ ከእኔ።

ሳቢያን 7፦ ጭስ አጭሱበት። አለቀ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ «አበባው ዛፍ» ምን ማለት ነው? አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል። መነሻው ግን ማዳጋስካር ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ቀይ አበባውን ይለብሳል። የደረቀውን ረጅም ፍሬ እኛ ጎራዴ አድርገን እንጫወትበት ነበር፤ ሲወዛወዝ ይንኮሻኮሻል...

የከዚራዋ፦ ጋሼ፣ የዛፉን ነገር ነገ ያስተምሩኛል። አሁን ሽንት ቤት!

ደቻቱ፦ ንብ መሆኑን በምን አወቅሽ? ተርብ ይሆናል።

የሸንኮሩ አናቢ፦ እህቴ፣ ተንጠልጥሏል ወይስ ግንዱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል ይወጣል?

የከዚራዋ፦ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ትንሽ እንስራ ያክላል፤ ላዩ የሚፈላ ነው የሚመስለው።

የሸንኮሩ አናቢ፦ እንግዲያው ተርብ አይደለም፣ ቤትም አልሠራም። መንጋ ነው። ንግሥቲቱን ከበው አርፈዋል፤ ቃኚዎቹ አዲስ ቤት እስኪያገኙ ነው። በጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ በጥቂት ቀን ይነሳሉ። የሚጠብቁት እጭ ስለሌላቸው አሁን ቁጣቸው ቀንሷል። ቢሆንም የእኛ አገር ንብ ቁጡ ነው፣ አትነካኩት። ልጆቹን አስገቡ፣ ውሻም ካለ ከዛፉ አርቁት። አንዱን እንዳትጨፈልቁ፤ ሲነድፍ ሙዝ ሙዝ የሚሸት ነገር ይለቃል፣ ሌሎቹ በዚያ ይጠራራሉ። የተነደፈ ሰው እሾኩን ወዲያው ጠርጎ ያውጣ፤ ቆዳ ላይ በቆየ ቁጥር መርዝ ይጨምራል። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጥታ ሆስፒታል። ሲመሽ አናቢ ካገኛችሁ በቀፎ ይወስደዋል።

ሳቢያን 7፦ እኮ፣ ጭስ ነው ያልኩት!

የሸንኮሩ አናቢ፦ ወንድሜ፣ ካጨሳችሁት ተነስቶ የጎረቤት ኮርኒስ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያኔ ነው ጉዱ።

የከዚራዋ፦ እማዬ ዛፉ ይቆረጥ እያለች ነው።

ጡረተኛው፦ ይቆረጥ?! በዚህ ሙቀት ጥላውን ከየት ልታመጡ ነው? ንቡ ነገ ይሄዳል፣ ዛፉን ግን ማን ይተካላችኋል?

ለገሃሬ፦ ለጊዜው ጎረቤት ሽንት ቤት ግቡ እንጂ። ድሬ እኮ ነው፣ ማን ይከለክላችኋል?

የመጋላው ልጅ፦ የከዚራዋ፣ ዝም አልሽ? ንቡ ሄደ ወይስ አንቺ ሄድሽ?