ከሊጥና ከእንዶድ ተነስቶ ሳይንስ ያስተማረ አለ?

ጠያቂ (የ7ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አሲድና ቤዝ አስተማርኩ። ቤተ ሙከራ ስለሌለን ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ ልጆቹም ገልብጠው ወጡ። አንዷ ግን ጠጋ ብላ "መምህር፣ ሊጥ የሚኮመጥጠው አሲድ ስላለው ነው?" አለችኝ። ቤት እንጀራ የምትጋግረው እሷ ናት። ከዚያ አለመጀመሬ ቆጨኝ። ባህላችን ድንቅ ነው ብዬ ማለፍ አልፈልግም፣ ልጆቹ ራሳቸው ሞክረው እንዲያዩት ነው የምፈልገው። እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?

መልስ 1 (የኬሚስትሪ መምህርት)፦
ወንድሜ፣ ልጅቷኮ ትምህርቱን አዘጋጅታ ሰጥታሃለች! በሦስት ጣሳ ሊጥ አቡኩ፤ አንዱ እርሾ ያለው፣ አንዱ የሌለው፣ አንዱ ደግሞ እርሾ ኖሮት ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ። የትኛው ቀድሞ ኩፍ እንዳለ በየቀኑ ይመዝግቡ። ለአሲዱ ከርከዴ ዘፍዝፍ። ውሃው ሎሚ ሲገባበት ደምቆ ይቀላል፣ የአመድ ውሃ ሲገባበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የእንጀራው ዓይን ከየት መጣ ብለህ ጠይቃቸው፣ ጋዙ ጋ ራሳቸው ይደርሳሉ። አብሲት ለምን እንደሚጣል ደግሞ እናቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ።

መልስ 2፦
እንዶድንም ጨምርበት። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነ ነገሩን ይዘው ምርምር ውስጥ ገቡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። እኔ ታሪኩን የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ላይ አቆመዋለሁ። "የገደላቸው እንዶዱ ነው ወይስ የልብሱ እድፍ? በምን እናውቃለን?" እላቸዋለሁ። አንዱ ልጅ "ከሚያጥቡበት በላይ ያሉትም ሞተው እንደሆነ እንይ" ሲለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ማነጻጸሪያ የሚባለውን ነገር ቃሉን ሳይሰማ አገኘው።

መልስ 3 (ጡረተኛ መምህር)፦
ልጆቼ፣ ጥሩ ይዛችኋል። ግን እንዶድ ሲወቀጥ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓሣም ይገድላልና ትርፉን ወንዝ አትድፉ። ኮሶንና ሌላውን መድኃኒት ልጆች እንዳይቀምሱ፤ መጠኑ ካለፈ ይጎዳል። ደግሞ መድኃኒት አዋቂ ስትጋብዙ መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁ። የአባቱ ምስጢር ነው፣ ሊነግራችሁ ያልወደደውን ተዉለት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ በሊጡ እጀምራለሁ። እርሾውን የምታመጣው ያቺው ልጅ ናት።