በሚያብረቀርቅ የቤዝቦል ካርድ ላይ ፊርማ እንዲይዝ ምን ላድርግ?

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲሆን፣ ጡረታ የወጡ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ፊርማ በፖስታ አሰባስባለሁ። ለእያንዳንዳቸው በእጄ የጻፍኩት አጭር ደብዳቤ፣ የተጫዋቹ ፎቶ የታተመበት አንድ የቤዝቦል ካርድ፣ እንዲሁም አድራሻዬ ያለበትና ቴምብር የተለጠፈበት የመመለሻ ፖስታ እልካለሁ። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣቸው ካርዶች ወረቀታቸው ስለማያብለጨልጭ ቀለሙን ወዲያው ይጠጡታል፤ በ1991 ያወጣቸው ስታዲየም ክለብ የተባሉት ካርዶች ግን ፊታቸው እንደ መስታወት የለሰለሰ በመሆኑ፣ የማርከሩ ቀለም ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቋጠርና የስሙ የመጨረሻ ፊደላት ተድበስብሰው ይመለሳሉ። ካርዱን በላጲስ ቀስ ብዬ ባሸው ጭረት ተወበት፤ የሕፃን ፓውደር ነስንሼ በጥጥ ስጠርገውም የተሻለው በጥቂቱ ብቻ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ደግሞ ዳግመኛ እንዲፈርሙልኝ ማስቸገር አልፈልግም። ካርዱ ሳይጎዳ ቀለሙ እንዲይዝለት፣ ከመላኬ በፊት ፊቱን በምን ላዘጋጀው?