የላፕቶፕ ማራገቢያ ድምፅና ሙቀት፦ እንዴት ይመጣጠናሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስሠራ የላፕቶፔ ማራገቢያ ጩኸት አንባቢዎችን ይረብሻል፤ ፍጥነቱን በሶፍትዌር ስቀንሰው ግን ማሽኑ ይንቀራፈፋል። አምራቾች ሁለቱን የሚያመዛዝኑት እንዴት ነው? የከተማችን ከፍታስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ 1፦ የማራገቢያው ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየርም በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ስለሚወርድ፣ ሰፊ ማራገቢያን በዝግታ ማሽከርከር ትንሹን በፍጥነት ከማሽከርከር ይሻላል። እንቅፋቱ ቅጥነት ነው፤ ገዢው ስስ ላፕቶፕ ሲፈልግ የማራገቢያውም ሆነ ሙቀት የሚያስወጡት የብረት ክንፎች ቦታ ይጠባል። በእኔ እምነት ይህ የቅጥነት ውድድር መስመሩን ስቷል። ፕሮሰሰሩ (የላፕቶፑን ስሌት የሚሠራው ዋና ቺፕ) 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የእርስዎ ማሽን የሚንቀራፈፈውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መልስ 2፦ ስለ ከፍታው፦ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 ከመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በእኩል ፍጥነት የሚሽከረከር ማራገቢያ እዚህ የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። ይሁንና በበጋ ክንፎቹ መካከል የሚጠቀጠቀው አቧራ የባሰ ስለሆነ መጀመሪያ ያስጠርጉት።

መልስ 3፦ ማራገቢያውን ከማፈን ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ይበልጣል። የፕሮሰሰር ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጁም ስለሚጨምር፣ የመጨረሻዋ ጥቂት ፍጥነት የምትጠይቀው ኃይል ከጥቅሟ ጋር አይመጣጠንም። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ወደ 99 ከመቶ ዝቅ ቢያደርጉት፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ተርቦ የሚባለው ተጨማሪ ፍጥነት ይጠፋል፤ ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም።