አስቸኳይ፦ የሥልጠና መመዝገቢያ ገጻችንን ብዙ ሰው ይከፍተዋል፤ የሚመዘገበው ግን ጥቂት ነው

የማታ ሒሳብ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ፒችትሪ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሒሳብ አያያዝ የማታ ሥልጠና እንሰጣለን። ለአዲሱ ዙር መመዝገቢያ ገጽ አሠርተን ከትናንት ጀምሮ ማስታወቂያውን በቴሌግራምና በፌስቡክ እየለቀቅን ነው፤ ምዝገባው እሁድ ማታ ይዘጋል። ቆጣሪው ከ300 በላይ ሰው ገጹን እንደ ከፈተ ያሳያል፤ የተመዘገቡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጽሑፉ አሳማኝ ስላልሆነና ዲዛይኑ የባለሙያ ሥራ ስለማይመስል ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ያለው ርዕስ «ወደ ብሩህ ነገ የሚያሻግርዎ ዘመናዊ የሒሳብ ሥልጠና» የሚል ሲሆን ከሥሩ «ብቁና ልምድ ባላቸው መምህራን፣ በተመጣጣኝ ዋጋ» ይላል። ቁልፉ ላይ የተጻፈው «ላክ» ነው። ዛሬውኑ የምለውጠው የተሻለ ርዕስና የተሻለ የቀለም ምርጫ የምትጠቁሙኝ ካላችሁ እባካችሁ ፈጥናችሁ እርዱኝ።

ቀለም ቀማሚ፦
እኅቴ፣ ገጹን ሳላየው አስተያየት መስጠት ቢከብደኝም በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ዘወትር የማየው ጉድለት ከቀለም በፊት የፊደል ነው። ብዙ ሠሪዎች ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ አብነት ገዝተው አማርኛውን ይለጥፉበታል። አብነቱ የመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው እያንዳንዱ መሣሪያ ያገኘውን ይተካበታል፤ ስለዚህ ያው ገጽ በአንዱ ዊንዶውስ በኒያላ፣ በሌላው በኢብሪማ፣ በአንድሮይድ ስልክ ደግሞ በኖቶ ይታያል። ኒያላ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው ርዕሱ ደማቅ እንዲሆን ሲታዘዝ ብራውዘሩ ቀጭኑን ፊደል አወፍሮ ያቀርበዋል፤ ያን ጊዜ የ«ሐ» እግሮች ይጣበቃሉ፣ «ጠ» እና «ጨ»ም ከሩቅ አይለዩም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በጎግል ፎንትስ ላይ በነፃ ይገኛል፤ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም የተሟላ ቅርጽ ስላለው እሱን ይጫኑ። የመስመሩን ከፍታ የፊደሉን መጠን ከ1.6 እስከ 1.8 እጥፍ ያድርጉ፤ የእኛ ፊደል ከላይም ከታችም ቅጥያ ስላለው ለላቲን የተለካው ከፍታ ያፍነዋል። አግድም ያዘመመ ፊደል ፈጽሞ አይጠቀሙ። ቀለምን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ የ4.5 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ ለዲዛይነሩ ደስ ይላል፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ግን ባዶ ወረቀት ነው።

ነጠላ ሰረዝ፦
«ብሩህ ነገ» የሚለውን ሐረግ በቅርቡ በአንድ የሴራሚክ መሸጫ፣ በአንድ የጥርስ ክሊኒክና በአንድ የዶሮ መኖ ማስታወቂያ ላይ አንብቤዋለሁ። ዶሮዎቹ ቀድመው ቦታውን ሳይዙት አይቀሩም።

ጸሐፊው፦
ነጠላ ሰረዝ ቢቀልድም ነጥቡ ትክክል ነው። የእርስዎን ድርጅት ስም አውጥተን የሌላውን ብናስገባበት ትርጉሙ የማይለወጥ ዐረፍተ ነገር ለአንባቢው የነገረው ነገር የለም። ወደ ገጽዎ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ያስቡ። አንዱ በአካውንቲንግ ተመርቆ የሥራ ማስታወቂያዎች «ፒችትሪ የሚችል» ሲሉ እያነበበ የሚያልፍ ወጣት ነው፤ ሌላው ሒሳቡን በሌላ ሰው እጅ የተወ ባለ ሱቅ ነው። ሁለቱም ሊያውቁ የሚፈልጉት ሥልጠናው ሲያልቅ ምን መሥራት እንደሚችሉ ነው። ስንት ሳምንት እንደሆነ አልነገሩንም፤ 6 ነው ብዬ ልነሣና ርዕሱ እንዲህ ይሁን፦ «በ6 ሳምንት የአንድን ድርጅት ሒሳብ ከደረሰኝ እስከ ትርፍና ኪሳራ መግለጫ በፒችትሪ ራስዎ ይሠራሉ»። ከሥሩም፦ «የደመወዝ ግብርን፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ የሚታሰበውን የጡረታ መዋጮና የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ በእውነተኛ ሰነዶች ላይ ይለማመዳሉ»። ይህን የምታስተምሩ ከሆነ ብቻ ነው፤ ካልሆነ የምታስተምሩትን በዚሁ መልክ በዝርዝር ይጻፉት።

«ብቁና ልምድ ያላቸው» የሚለውን አውጥተው መምህሩ የት ዓይነት መሥሪያ ቤት ለስንት ዓመት ሒሳብ እንደ ሠራ በአንድ መስመር ያስገቡ። «ጥቂት ቦታ ብቻ ቀርቷል» የሚለውን ማንም አያምነውም፤ «ክፍላችን 20 ኮምፒውተር ስላለው የምንቀበለው 20 ሰው ነው» ቢሉ ግን ምክንያቱ ስለሚታይ ይታመናል። ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አይለጥፉ፤ ገጹን ደግሞ የከፈተ ሰው ሰዓቱ እንደገና ከመጀመሪያው ሲጀምር ያየዋል። ቁልፉ ላይ ያለው «ላክ» ተመዝጋቢውን የእርስዎ ተላላኪ ያደርገዋል፤ «ቦታዬን ያዙልኝ» ይበሉት፣ ከሥሩም ቀጥሎ የሚሆነውን ይንገሩት፦ «ነገ ጠዋት እንደውልልዎታለን፤ ዛሬ የሚከፈል ገንዘብ የለም»።

የመርካቶ ልጅ፦
እኔ በመነሻው ሐሳብ አልስማማም። 300 ሰው ገብቶ የወጣው ጽሑፉ ስላላማረው ሳይሆን ዋጋ ፈልጎ ስላጣ ነው። «በተመጣጣኝ ዋጋ» ተብሎ የተጻፈበትን ሁሉ ገዢ «ውድ ነው» ብሎ ያነበዋል። ደግሞስ ገጽ ለምን አስፈለገ? ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ሰውየውም ቴሌግራም ላይ ነው፤ እዚያው «መመዝገብ እፈልጋለሁ» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ማድረግ ሲቻል ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ቅጽ ማስሞላት ድካም ነው።

የማታ ሒሳብ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አዎ፣ 6 ሳምንት ነው፤ ዋጋው 4,500 ብር ነው። ያልጻፍነው ሰው እንዲደውል ብለን ነው፤ ሌሎቹ ማሠልጠኛዎችም አይጽፉም። ገጹ የተሠራው በወርድፕረስ ሲሆን የሠራልን ልጅ ስልኩን አያነሳም። ሊንኩን ለጠየቃችሁኝ በውስጥ መስመር ልኬላችኋለሁ። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም በትክክል ይሠራል። የአንዳንድ ተመዝጋቢዎች ስም በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይደርሰናል፤ ስልካቸው ስላለን እሱ አያስጨንቀኝም። የጸሐፊውን ርዕስ ወስጃለሁ። ስለ ቀለሙ ግን ሰማያዊ ይሻላል ወይስ አረንጓዴ?

ሞካሪ፦
ቀለሙን ለጊዜው ይተዉት። ሊንኩን ብዙው ተማሪዎ በሚከፍትበት መንገድ፣ ማለትም በአነስተኛ አንድሮይድ ስልክ ከቴሌግራም ውስጥ ሆኜ ከፍቼ ለመመዝገብ ሞከርሁ። መጀመሪያ የሚመጣው የመማሪያ ክፍሉ ፎቶ ከካሜራው እንደ ወጣ ስለተጫነ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል፤ እሱ እስኪወርድ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ፎቶውን አሳንሰው ዌብፒ በተባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት ቢያስቀምጡት ይህ ይቀላል። ዋናው ችግር ግን ፎርሙ ላይ ነው።

የስልክ ቁጥር ሳጥኑ የሚቀበለው በ09 የሚጀምር 10 አኃዝ ብቻ ነው። የእኔ ቁጥር በ07 ይጀምራል፤ ሳፋሪኮም በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር የያዘ ብዙ ሰው አለ። በ+251 ብጽፈውም፣ በቁጥሮቹ መካከል ክፍት ቦታ ብተውም አይቀበልም። ይባስ ብሎ አለመቀበሉን የሚገልጸው መልእክት በእንግሊዝኛ፣ በትናንሽ ቀይ ፊደላት፣ ከገጹ አናት ላይ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ያለሁት ከታች ቁልፉ ጋ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ደጋግሜ ስጫን ምንም ነገር የሆነ አልመሰለኝም። እርስዎ በላፕቶፕ፣ በ09 ቁጥርዎ ሲሞክሩት ይህን ሊያዩት አይችሉም።

ከዚህ በተጨማሪ ኢሜይል ግዴታ ተደርጓል፤ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ተለያይተው ስለተጠየቁ በሁለተኛው ላይ የአባት ይሁን የአያት ስም እንደሚጻፍ አይታወቅም፤ የትውልድ ቀን የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። ለማታ ኮርስ የትውልድ ቀን ምን ያደርጋል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የማይፈልጉትን መረጃ ሰብስቦ ማስቀመጥ ለራስዎም ሸክም ነው። ሙሉ ስምና ስልክ ብቻ ያስቀሩ፤ የቀረውን ሲደውሉ ይጠይቁ።

ፊደል ወዳድ፦
መልሶቹን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ አላገኘሁም፤ ነገር ግን ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቢቀይሩት ገጹ ወዲያውኑ የባለሙያ ሥራ ይመስላል።

ነጠላ ሰረዝ፦
አንድ ሰው ደግሞ ከደገመው በሙሉ ድምፅ እንደጸደቀ ይቆጠራል።

ከሜሪላንድ፦
እኔ አዲስ አበባ ላለች ታናሽ እኅቴ ልከፍልላት ፈልጌ ማስታወቂያውን ልኬላት ነበር። ገጹ የሥልጠናውን ሰዓት «6፡30 – 8፡30» ይላል። እኔ የማታ መሆኑን ገመትሁ፤ እርስዋ ግን የቀን 6፡30 ነው ብላ፣ ቀን ሥራ ላይ ስለሆነች፣ ተወችው። የማታ ትምህርት መሆኑ ከሰዓቱ ጎን አልተጻፈም። «ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ማታ ከ12፡30 እስከ 2፡30» ብላችሁ ብትጽፉ እንዲህ ያለ ነገር አይፈጠርም። የሚጀምርበትንም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቀምጡት፤ ውጭ ላለነው ሰዎች ከፈለጋችሁ በቅንፍ ታክላላችሁ።

የማታ ሒሳብ (ጠያቂ)፦
ሰዓቱን አሁን አስተካክዬዋለሁ፤ የሠራልን ልጅ የኮምፒውተሩን አቆጣጠር እንዳለ ተወው መሰለኝ። የስልኩን ሳጥን ግን ከየት ነው የማስተካክለው? ፎርሙ ውስጥ ገብቼ የማላውቀው ብዙ ነገር አየሁ፤ እንዳላበላሸው ፈርቻለሁ። ዋጋውን ስለ መጻፍ አሁንም አላመንሁበትም።

የመርካቶ ልጅ፦
ዋጋውን ያልጻፈ ሰው የሚደወልለት «ስንት ነው?» ተብሎ እንዲጠየቅ ብቻ ነው። 4,500 ብር ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚደውለው ዋጋውን አውቆ የወሰነ ሰው ይሆናል።

ሞካሪ፦
ማንኛውም የፎርም ፕለጊን (ወርድፕረስ ላይ ፎርም ለመሥራት የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ማለት ይቻላል ፎርሙን በሙሉ የሚገለብጥ ትእዛዝ አለው። መጀመሪያ ቅጂ ያውጡና የሚነካኩት ቅጂውን ይሁን፤ ዋናው ሳይነካ ይቆያል። በቅጂው ላይ የስልክ ሳጥኑን ሲጫኑ ቅንብሮቹ ይወጣሉ፤ እዚያ ውስጥ የቁጥሩን ቅርጽ የሚወስነውን ደንብ ያጥፉት። ሰዎች ቁጥራቸውን እንደ ለመዱት ይጻፉ፤ 0911ም ይሁን +251911፣ እርስዎ ሲደውሉ ያው ነው። የሳጥኑ ዓይነት ግን «ስልክ» እንደሆነ ይቆይ፤ እንዲህ ሲሆን የቁጥር መጻፊያው ራሱ ይወጣል። የሳጥኖቹ ፊደል ከ16 ፒክሰል አይነስ፤ ካነሰ አይፎን ሳጥኑ ሲነካ ገጹን አጉልቶ ቁልፉን ከእይታ ያስወጣዋል። የስህተት መልእክቱን በአማርኛ ይጻፉት፤ «ስልክ ቁጥሩ አልተሟላም፤ እባክዎ ያረጋግጡ» ዓይነት ይሁንና የሚታይበትን ቦታ ከሳጥኑ ሥር ይምረጡ። ይህን ሁሉ እስኪጨርሱ ድረስ ግን ከፎርሙ በላይ የድርጅቱን ስልክ ሲነካ የሚደውል አድርገው፣ የቴሌግራም ሊንኩንም ከጎኑ ያስቀምጡ።

የመርካቶ ልጅ፦
ቴሌግራም ብዬ ስናገር የሰማኝ አልነበረም።

መዝገብ ቤት፦
ስለ ጥያቄ ምልክቶቹ ማንም አልመለሰም፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ዝርዝሩን በኤክሴል ሲከፍቱ ስሞቹ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ሆነው ከታዩ ዳታው ደኅና ነው፤ የተሳሳተው ፋይሉ የተከፈተበት መንገድ ነውና ኤክሴል ውስጥ ዳታ ማስገቢያው በኩል ዩቲኤፍ-8 የተባለውን፣ የግዕዝንም ፊደል የሚይዘውን የፊደል አጻጻፍ መርጠው ይክፈቱት። በዳታቤዙ ውስጥ ራሱ ጥያቄ ምልክት ሆነው ከተቀመጡ ግን ሠንጠረዡ የተዘጋጀው ለላቲን ፊደል ብቻ ነው ማለት ነው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሲገባ በ«?» ተተክቶ ስለሚቀር ያንን ስም ተመልሰው ሊያገኙት አይችሉም። የሠንጠረዡን የፊደል ስብስብ ወደ ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ4 (ለአንድ ፊደል እስከ 4 ባይት ቦታ ወደሚሰጠው) ማስለወጥ ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ያድናል እንጂ ያለፉትን አይመልስም። ከመለወጥዎ በፊት የዳታቤዙን ቅጂ ያውጡ፤ ካልሆነልዎ ሰርቨሩን የሚያከራይዎት ድርጅት እንዲሠራልዎ ይጠይቁ።

ኮድ ለቃሚ፦
ለትክክለኛነት ያህል፣ የተለመደው የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ የማይኤስኪውኤል (ወርድፕረስ የሚጠቀምበት ዳታቤዝ) አሮጌው ባለ 3 ባይት ስብስብም ይበቃው ነበር።

መዝገብ ቤት፦
ለአማርኛ አዎ፤ ነገር ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚሰጣቸው ሥርዓት) ለጉራጊኛ አጻጻፍ የጨመራቸው ፊደላት 4 ባይት ይወስዳሉ። አዲስ ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ አሮጌውን የምንመርጥበት ምክንያት የለም።

ጸሐፊው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ስማቸው የጠፋውን ሰዎች በስልካቸው ታገኟቸዋላችሁ፤ ፎርሙ ያልተቀበላቸው ግን ቁጥራቸውም አልተቀመጠም። እነዚህ ለመመዝገብ ወስነው የተመለሱ ሰዎች ስለሆኑ ከአዲስ አንባቢ ይልቅ እነርሱን ማስመዝገብ ይቀላል። ስለዚህ ፎርሙ ሲስተካከል፣ በ07 ስልክ ከተሞከረ በኋላ፣ በዚያው የቴሌግራም ቻናል ላይ ይህን ይልቀቁ፦ «ትናንትና ዛሬ ለፒችትሪ የማታ ሥልጠና ለመመዝገብ ሞክረው ያልተሳካልዎ፦ የመመዝገቢያ ገጹ ላይ የነበረው ችግር ተስተካክሏል። ሙሉ ስምዎንና ስልክዎን ብቻ ይጻፉ፤ 09ም ሆነ 07 ይሠራል። ሥልጠናው 6 ሳምንት፣ ማታ ከ12፡30 እስከ 2፡30፣ ክፍያው 4,500 ብር ነው። ምዝገባው እሁድ ማታ ይዘጋል»። ዋጋውን መጻፍ ካልፈለጉ ያንን ሐረግ ብቻ ያውጡት።